ያውቁ ኖሯል? ፓራውርት ውስጥ የተደበቀው ብረት

ፖርሽ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሠራት 911 የስፖርት መኪና የፊት ፓራውርት ውስጥ፣ በግራና በቀኝ ጎን እያንዳንዳቸው 11 ኪሎ የሚመዝኑ ብረቶች ይደብቅ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ሞተሯ እንደ ድሮው ቮልስዋገን ከኋላ ስለሆነ አፍንጫዋ ይቀላል፤ ብረቱም ይህን ለማካካስ ነበር። ስትፈጥን ደግሞ አየር የፊት ክፍሏን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ መሪው ይላላል። ፍጥነቷ እጥፍ ሲሆን፣ የሚያነሣት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል!

ብልሁ መፍትሔ የመጣው በ1972ቱ 911 ኤስ ነው። ከፓራውርቱ ሥር ወደ መሬት ዝቅ ያለ ከንፈር ተገጠመላት፤ ከሥሯ የሚገባው አየር ቀነሰ፣ የፊት ጎማዎቿም መንገዱን አጥብቀው ያዙ። ቀጥላ የመጣችው ካሬራ አርኤስ 2.7 ከኋላም የዳክዬ ጭራ የሚመስል ክንፍ ታከለላት። የዚህች መኪና ቀላሉ ዓይነት 1,000 ኪሎ እንኳ አይሞላም።