የእጅ ስልክን ወደ ፋብሪካ ይዞታው ስለ መመለስ

የኮምቦልቻና የደሴ ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን በመሳቢያ ቆልፎ ያኖር የነበረበት ዘመን እምብዛም ሩቅ አይደለም። ዛሬ የመዝገቡን ሥራ የሚሠራው በአመዛኙ የእጅ ስልኩ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣው ጭነት ገና መንገድ ላይ ሳለ የሰነዱ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ይደርሳል። የሾፌሩ ቁጥር፥ የከፈለው ደንበኛ ደረሰኝ፥ ያልከፈለውም ሰው የፈረመበት ወረቀት ምስል በዚያው በስልኩ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ሥራ ካስጀመረ ወዲህ ደግሞ ብዙ ሒሳብ የሚከፈለውና የሚሰበሰበው በስልክ ሆኗል።

እንግዲህ ስልኩ ሲያዘግም፥ ሲሸጥ፥ ለሠራተኛ ወይም ለልጅ ሲተላለፍ «ፎርማት ይደረግ» ተብሎ በችኮላ የሚሰጠው ትእዛዝ እንደ ተራ ነገር ሊታይ አይገባውም። በተለምዶ ፎርማት ወይም ሪሴት የሚባለው ሥራ ስልኩን ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት ወደ ነበረው ይዞታ መመለስ ነው። ባለቤቱ የጨመረው ሁሉ ይጠፋል፤ ፋብሪካው ያኖረው ብቻ ይቀራል። ሥራው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ግን «ተሳስቼ ነበር» ቢባል የሚመልሰው ጠጋኝ አይገኝም። ስለዚህ ጥንቃቄው በሙሉ ከትእዛዙ በፊት የሚደረግ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሥራው በእርግጥ አስፈላጊ መሆኑን መመርመር ይገባል። ስልክ የሚያዘግመው ብዙውን ጊዜ ማኅደሩ ስለ ሞላ ነው። በቴሌግራም የታየው ቪዲዮና የተከፈተው ፎቶግራፍ ሁሉ፥ ባለቤቱ ሳያስበው፥ ቅጂው በስልኩ ውስጥ ይቀራል፤ በብዙ ቡድኖች ውስጥ ያለ ነጋዴማ በጥቂት ወር ውስጥ የስልኩን ማኅደር ሊያጣብብ ይችላል። ይህን ትርፍ ክምችት ከራሱ ከቴሌግራም ቅንብር ገብቶ ማጥፋት ይቻላል፤ መልእክቶቹና ፋይሎቹም በኩባንያው ማኅደር ስለሚቆዩ ሲፈለጉ እንደ ገና ይወርዳሉ። ይህ ሳይሞከር ስልኩን ሙሉ በሙሉ ባዶ ማድረግ፥ መጋዘኑ በባዶ ካርቶን ስለ ተጣበበ ዕቃውን ሁሉ እንደ መጣል ይቆጠራል።

ስልኩ የሚሸጥ ወይም ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከሆነ ግን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለሱ ግዴታ ነው። እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ አደጋዎች አሉ፤ አንደኛው ሊቀመጥ የሚገባው መጥፋቱ ሲሆን ሁለተኛው ሊጠፋ የሚገባው መቅረቱ ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ ቢባል፥ ብዙ ሰው የሚሠጋው ለገንዘቡ ነው፤ ይሁን እንጂ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ያለው ገንዘብ በስልኩ ውስጥ የተቀመጠ አይደለም። የቴሌብር ሒሳብ ከስልክ ቁጥሩ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ መተግበሪያው ቢጠፋ ሲም ካርዱና የምስጢር ቁጥሩ እስካሉ ድረስ እንደ ገና ይከፈታል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም *127# ደውሎ መጠቀም ይቻላል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኛም *889# አለው። የባንክ መተግበሪያን በተመለከተ ግን ባንኩ አዲስ ማረጋገጫ የሚጠይቅበትና ባለ ሒሳቡ ወደ ቅርንጫፍ የሚሄድበት ጊዜ ስለሚኖር፥ ዓርብ ማታ ስልኩን ባዶ አድርጎ ቅዳሜና እሑድ ለአቅራቢ ገንዘብ እልካለሁ የሚል ነጋዴ ሊቸገር ይችላል።

በእርግጥ የሚጠፋው የገንዘቡ ማስረጃ ነው። ከ127 የሚመጣው የቴሌብር መልእክትና ከባንክ የሚላከው አጭር ጽሑፍ የግብይቱን ቁጥር፥ ቀኑንና የገንዘቡን ልክ የያዘ ስለ ሆነ ሻጭና ገዢ «ከፍያለሁ፤ አልደረሰኝም» ተባብለው ሲከራከሩ በመጀመሪያ የሚፈለገው እርሱ ነው። እነዚህ መልእክቶች ግን በስልኩ ውስጥ ብቻ ያሉ ናቸው፤ ቀድሞ ቅጂ ካልተወሰደላቸው ከስልኩ ጋር ይሰረዛሉ። በአንድሮይድ ስልክ የጉግል መጠባበቂያ ሲበራ አጭር መልእክቶችን ጭምር ይወስዳል። ይህን የማያምን ወይም ኢንተርኔት የሌለው ሰው ገና ያልተዘጉትን ሒሳቦች መልእክት እየከፈተ የግብይቱን ቁጥር በደብተር ቢገለብጥ ድካሙ የአንድ ምሽት ነው። እንዲያውም የደብተሩ ዘዴ ባትሪ አይጠይቅም።

የስልክ ቁጥሮች መዝገብ በሦስት ስፍራ ሊቀመጥ ይችላል፤ በሲም ካርዱ፥ በስልኩ ወይም በጉግል አካውንት። የሚጠፋው በስልኩ የተቀመጠው ብቻ ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው ባለ ስልክ የትኛው የት እንዳለ አይቶ አያውቅም። የስም ዝርዝሩን በአንድ ፋይል አስወጥቶ በሚሞሪ ካርድ ወይም በኮምፒውተር ላይ ማኖር ጥርጣሬውን ያስወግዳል። ሲም ካርድ ስምና ቁጥር ከመያዝ ያለፈ አቅም የለውም፤ ብዛቱም የተወሰነ ነው፤ ስለዚህ ባለ ብዙ ደንበኛ ነጋዴ በእርሱ ሊመካ አይችልም።

ቴሌግራምና ዋትስአፕም አንድ አይደሉም። የቴሌግራም ተራ ንግግር በኩባንያው ማኅደር ስለሚቀመጥ ቁጥሩን በማስገባት ብቻ ተመልሶ ይመጣል፤ ምስጢራዊ ውይይት ተብሎ በተለየ የተከፈተው ግን በስልኩ ውስጥ ብቻ ስለሚኖር አብሮ ይጠፋል። ለቴሌግራም ተጨማሪ የይለፍ ቃል ያበጀ ሰው ያንን ቃል ማስታወሱን አስቀድሞ ያረጋግጥ። የዋትስአፕ ንግግር ደግሞ በስልኩ ውስጥ የሚኖር ስለ ሆነ መጠባበቂያ ካልተወሰደለት አይመለስም። በዱባይ ወይም በቻይና ካለ አቅራቢ ጋር በዋትስአፕ ዋጋ የተዋዋለ ነጋዴ ይህን ልዩነት ሳያውቅ ስልኩን ቢያጸዳ የውሉን ቃል በገዛ እጁ ይደመስሳል።

ሁለተኛው አደጋ፥ ማለት ሊጠፋ የሚገባው መቅረቱ፥ ከስልኩ ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። በዛሬዎቹ ስልኮች ውስጥ ያለው ጽሑፍና ምስል ሁሉ በምስጢር ተለውጦ የሚቀመጥ ሲሆን፥ የምስጢሩ መፍቻ በስልኩ ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሲመለስ ይህ መፍቻ ይደመሰሳል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈ ነገር ቢኖር እንኳ ሊነበብ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 አቅም ያላቸው አዳዲስ ስልኮች ይህን እንዲያደርጉ ያስገደደ ሲሆን፥ በ2019 የወጣው አንድሮይድ 10 ርካሾቹን ጭምር በዚሁ ግዴታ ውስጥ አስገብቷል።

ከዚያ በፊት የነበሩት ግን እንደዚህ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2015 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሎራን ሲሞንና ሮስ አንደርሰን ከአምስት ፋብሪካዎች የወጡ 21 ያገለገሉ አንድሮይድ ስልኮችን መርምረው ወደ ፋብሪካ ይዞታቸው ከተመለሱም በኋላ የቀድሞ ባለቤቶቻቸው መልእክት፥ የስልክ ቁጥር መዝገብና የጉግል አካውንት መግቢያ ጭምር ከውስጣቸው ሊወጣ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ የእጁ ስልክ አሮጌ የሆነበት ሰው በቅንብሩ ውስጥ ስልኩን የማመስጠር ትእዛዝ ካለ በመጀመሪያ ያንን ፈጽሞ ከዚያ ያጥፋ፤ ከሌለ ግን በጥቂት መቶ ብር ሸጦ የንግዱን ምስጢር ከሚያስረክብ ስልኩን በቤቱ ቢያስቀረው ይሻለዋል።

ሚሞሪ ካርድ የራሱ ጠባይ አለው። ስልኩ ሲጸዳ ካርዱ እንደ ተራ ማከማቻ የገባ ከሆነ በላዩ ያለው ፎቶግራፍ አይነካም፤ ስለዚህ ከሽያጭ በፊት ከሲም ካርዱ ጋር ይውጣ። ካርዱ የስልኩ የውስጥ ማኅደር ክፍል እንዲሆን ተደርጎ ከነበረ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የካርዱም ምስጢር መፍቻ በስልኩ ውስጥ ስለሚገኝ፥ ስልኩ ከጸዳ በኋላ ካርዱ አይነበብም። በውስጡ ያለው ነገር አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ካልተገለበጠ እንደ ጠፋ ይቆጠራል።

ከሁሉም ይልቅ ክርክርና ጸጸት የሚያስነሣው የመቆለፉ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ስልኮች የስርቆት መከላከያ ተበጅቶላቸዋል፤ አፕል ደግሞ ይህን በ2013 ጀምሯል። መከላከያው ባለቤቱ አካውንቱን ሳያስወጣ ስልኩ በማብሪያውና በድምፁ ቁልፍ ተገድዶ ቢጸዳ፥ ሲነሣ የቀድሞውን አካውንት የይለፍ ቃል እንዲጠይቅና ያ ካልተሰጠው በስተቀር እንዳይከፈት ያደርጋል። ለሌባ የተዘረጋው ይህ ወጥመድ ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ራሱን ባለቤቱን ነው። ስልኩ ሲገዛ ሻጩ ወይም የሰፈር ልጅ «ላስተካክልልህ» ብሎ የጉግል አካውንት ከፍቶ ይሰጣል፤ ባለ ስልኩም የአካውንቱን ስምና የይለፍ ቃል ሳያውቅ ዓመታት ያሳልፋል። ስልኩ በጸዳ ዕለት ግን ያ ተረስቶ የኖረ ቃል ይጠየቃል።

ስለዚህ ስልኩ ገና ክፍት ሳለ በቅንብሮች ውስጥ መለያዎች ከሚለው ስፍራ ገብቶ የትኛው አካውንት እንዳለ ማየት፥ በሌላ ስልክም የይለፍ ቃሉን ሞክሮ ማረጋገጥ፥ መጠባበቂያ ቁጥሩም የራስ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። የተረሳውን የይለፍ ቃል በአዲስ የለወጠ ሰው ስልኩን ለማጽዳት ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ ጉግል ያሳስባል። ስልኩ የሚሸጥ ከሆነ ቅጂው ሁሉ ተወስዶ ከተረጋገጠ በኋላ አካውንቱ ከስልኩ ይውጣ፤ የማጽዳቱም ትእዛዝ በቁልፎቹ ሳይሆን ከቅንብሮቹ ውስጥ ይሰጥ። ባትሪው ከግማሽ በላይ መሞላቱም ሊዘነጋ አይገባም፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት በአሥር በመቶ ባትሪ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሥራው በመካከል ቢቋረጥበት ስልኩ ጨርሶ የማይነሣበት ጊዜ አለ።

የጸዳ ስልክ እንደ ገና ለመቋቋም ኢንተርኔት ይፈልጋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ እንደ ታየው፥ ኔትወርክ በሌለበት መተግበሪያ አይወርድም፥ የአካውንት ማረጋገጫም አይፈጸምም፥ በመጠባበቂያ የተቀመጠውም አይመለስም። ስለዚህ ሥራውን የሚጀምር ሰው የሚተማመንበት ዋይፋይ በአጠገቡ መኖሩን አስቀድሞ ቢያረጋግጥ መልካም ነው።

ስልኩን ለጠጋኝ የሚሰጥ ሰውም ማሰብ ያለበት ነገር አለ። ብዙዎች የመክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ከስልኩ ጋር ትተው ይሄዳሉ። ጠጋኙ ቅን ሰው ቢሆንም በስልኩ ውስጥ ያለው የባለቤቱ ንብረት ብቻ አይደለም፤ የደንበኞቹ መታወቂያ ፎቶግራፍ፥ አድራሻና የዕዳቸው ልክ ጭምር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰውን መረጃ የያዘ ድርጅት መረጃውን ከጥፋትና ከባዕድ ዓይን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ጥገናው የመስተዋት ወይም የባትሪ ከሆነ መክፈቻውን መስጠት ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ማስፈለጉ ግድ ከሆነም ባለቤቱ በአጠገቡ ቆይቶ ቢያስጨርስ ይመረጣል።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው በበኩሉ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ስልኩን አስነሥቶ፥ ከዋይፋይ ጋር አገናኝቶ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ማለፍ አለበት። ስልኩ ቋንቋ አስመርጦ አዲስ አካውንት እንዲገባ ከጠየቀ በሥርዓት ተጸድቷል ማለት ነው። የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ከጠየቀ ግን ሻጩ እዚያው ቆሞ ይክፈተው፤ «በኋላ ይከፈትልሃል» ቢል ዕቃው የተሰረቀ ሊሆን ይችላልና ግዢው ይቅር። እንዲሁም *#06# ሲደወል በመስተዋቱ ላይ የሚወጣው ባለ 15 አሐዝ የስልኩ መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ይመሳከር፤ በሽያጩም ደረሰኝ ላይ ይጻፍ።