ምዕራፍ ስድስት፦ መንግሥት የትኛውን ሸክም ይሸከም? የማኅበራዊ ዴሞክራሲ ክርክር ከጭሮ ሲታይ

መንግሥት ምን ያህል ይስፋ የሚለው ክርክር በአገራችን ጎልቶ የሚሰማው በምርጫ ሰሞንና ኑሮ ሲወደድ ነው። አንዱ ወገን «ገበያው ይለቀቅ፤ መንግሥት ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ» ይላል። ሌላው «ድኻ በሚበዛበት አገር መንግሥት እጁን ከሰበሰበ ደካማው ይረገጣል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ሁለቱም ግን መንግሥትን በጅምላ ስለሚመዝኑት ክርክሩ ወዲያው ይከርራል። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት አሳብ አንድ ነው፦ መንግሥት መሸከም ያለበት፣ ሰው ብቻውን ቀርቶ ጎረቤትና ዘመድ ተጨምረውበትም የማይቻለውን አደጋ ነው፤ ሰው በራሱ ብልኀት የሚወጣውን ሥራ ለባለቤቱ ይተው፤ ይህንንም ደረጃ በደረጃ፣ እየሞከረና እያረመ ያድርገው። ለማስረጃ የመረጥሁት ምዕራብ ሐረርጌን ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትገኘው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ከእነ ሂርና፣ በዴሳ፣ ገለምሶና ሚኤሶ ጋር ባለፉት መቶ ዓመታት መንግሥት ሲጠብም ሲሰፋም አይታለች።

ደረጃ በደረጃ የመሄድ አሳብ የራሱ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ብዙ የአውሮፓ ሶሻሊስቶች ካፒታሊዝም በራሱ ቀውስ ይፈርሳል ብለው ያምኑ ነበር። ለዓመታት በስደት ለንደን የኖረው ጀርመናዊው ኤድዋርድ በርንስታይን በ1899 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ትንበያው አልደረሰም አለ፤ ሠራተኛው በድምፁ፣ በማኅበሩና በሕግ ኑሮውን ማሻሻል እንደሚችልም ተከራከረ። ሮዛ ሉክሰምበርግ ደግሞ ጥገና ብቻውን የሥርዓቱን ዕድሜ ከማራዘም አያልፍም ብላ ሞገተችው። በእንግሊዝ በ1884 የተመሠረተው የፌቢያን ማኅበር የዝግታውን መንገድ ይዞ ነበር። በ1932 ሥልጣን የያዙት የስዊድን ሶሻል ዴሞክራቶችም አብዛኛውን ኢንዱስትሪ በግል ባለቤቶች እጅ ተዉት፤ ከሀብቱ በግብር እየወሰዱ ጡረታን፣ ሕክምናንና የሥራ አጥነት ድጎማን አስፋፉ። የጀርመኑ ፓርቲ በ1959 በባድ ጎደስበርግ ጉባኤው ገበያን በይፋ ተቀበለ። ማኅበራዊ ዴሞክራሲ ሲባል አንባቢ ሊይዘው የሚገባው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ማምረትና መነገድ በአብዛኛው የግለሰብ ሥራ ይሆናል፤ ሕመም፣ እርጅና፣ ሥራ ማጣትና ረኃብ የሚያስከትሉት ወጪ ግን በጋራ ይከፈላል።

በዝግታው መንገድ ላይ የሚነሣው ከባዱ ተቃውሞ ከጨርጨር፣ ማለትም ጭሮ ካለችበት አውራጃ፣ ታሪክ ይወጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1910ዎቹ አጋማሽ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲገዙ አውራጃው ለአገሪቱ አርአያ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ አሰበ ተፈሪም የዚያ ውጥን ከተማ ሆና ተቆረቆረች። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እኚሁ ሰው አስተዳደርን በደንብ ለማስያዝ ጣሩ። ሆኖም አርአያነቱ የመሬትን ሥሪት ከሥሩ አልለወጠውም፤ ጭሰኛው ጭሰኛ እንደሆነ ቀረ። በ1957 ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆይ የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነትን የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግም ፓርላማ ገባ። በፓርላማው የሚበዙት ባለመሬቶች ስለነበሩ ረቂቁ ተንጠልጥሎ ቀረ። አብዮት ከፈነዳ በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ አድርጎ ጭሰኝነትን በአንድ ቀን ሻረ። እንግዲህ ተቃዋሚው «ዝግታ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያላመጣውን አብዮት በአንድ ጀምበር አመጣው» ቢል ሐሰት አልተናገረም። ለዚህ ያለኝ መልስ በዚያ ጊዜ የታየው ዝግታ ሳይሆን እገዳ ነበር የሚል ነው። ደረጃ በደረጃ መሄድ ማለት በየዓመቱ አንድ እርምጃ መራመድ ነው፤ ባለጥቅሞች በር ዘግተው የሚቀመጡበት ጥገና በራሱ አብዮትን ይጠራል። የዝግታን መንገድ የሚመርጥ ሁሉ በሩን ክፍት የማድረግ ግዴታ አለበት።

የ1967ቱ መንግሥት ግን ጭሰኝነትን በመሻር አልቆመም። ማንም ሊሸከመው የማይገባውን ሸክም ከገበሬው ጫንቃ ካነሣ በኋላ፣ ገበሬው ከማንም በላይ የሚያውቀውን ሥራ መቀማት ጀመረ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ይሰበስብ ነበር፤ ነጋዴው ከአውራጃ ወደ አውራጃ እህል እንዳያሻግር በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ከ1977 ጀምሮ ደግሞ ሐረርጌ የመንደር ምሥረታ ዋና መስክ ሆነች፤ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ከየማሳው ዳር ቤቱን እያፈረሰ በመስመር ወደተቀየሰ መንደር ገባ፤ ብዙዎችም ድንበር ተሻግረው ሶማሊያ ተሰደዱ። ከብቱ ከግጦሹ፣ ገበሬው ከማሳው ራቀ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የሆነው ነገር ከማናቸውም ጥናት ይልቅ ይናገራል፦ ገበሬው መንደሩን ትቶ ወደ ቀድሞ ማሳው ተመለሰ፤ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በየቦታው ፈረሱ። የመሬት ባለይዞታነቱን ግን ማንም ሊመልስ አልሞከረም። ከአንዱ ዘመን ሁለት ሥራ ወጣ፤ ሕዝቡ አንዱን ጠበቀው፤ ሌላውን በመጀመሪያው አጋጣሚ ጣለው። የመንግሥትን ድርሻ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ፍርድ አይገኝም።

የጫት ንግድም ይህንኑ ያጠናክራል። የታሪክ ተመራማሪው ሕዝቅኤል ገቢሳ ስለ ሐረርጌ ጫት በጻፉት ጥናት እንደሚያሳዩት፣ ገበሬው ወደዚህ ተክል ያዘነበለው ለመሬት ጥበት፣ ለገበያና ለመንግሥት ፖሊሲ መልስ እየሰጠ ነው። የጫቱን ሰንሰለት ማንም ባለሥልጣን አልነደፈውም። ማለዳ የተቀነጠሰው ቅጠል በዙርባ ይታሰራል፤ ደላላው ዋጋ ይቆርጣል፤ አይሱዙ መኪናው ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ ይከንፋል። አንድ ቀን ያረፈደ ጫት ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ በየሰዓቱ የሚወሰነውን ውሳኔ ቢሮ ሊወስነው አይችልም። ጫት በጤናና በጊዜ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ራሱን የቻለ ብርቱ ጉዳይ ነው፤ መንግሥት ግብር የሚጥልበትና ሕዝብን የሚያስተምርበት ምክንያትም አለው። ነጋዴ ልሁን ቢል ግን ከእህሉ ኮታ የተለየ ውጤት አያመጣም።

ታዲያ መንግሥት በጎ የሠራው የት ነው? ቀስ ብሎ በገባባቸው ቦታዎች ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት የሠለጠኑ ሴቶችን መደበ። ክትባት፣ የወባ መከላከያ አጎበርና የወሊድ ምክር ቤት ድረስ መጣ። በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በ1992 ከሺህ 166 የነበሩት በ2008 ወደ 67 ወረዱ። ለዚህ ለውጥ ብዙ ምክንያት ተባብሯል፤ ነገር ግን በየቀበሌው የቆመችው የጤና ኬላ ከዋናዎቹ አንዷ መሆኗን የሚክድ የለም። በ1997 የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔትም በየዓመቱ በድንገተኛ እርዳታ ይኖር የነበረውን ሰው ወደ ታወቀ ክፍያ አሸጋገረው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መሥራት የሚችል ቤተሰብ ለእያንዳንዱ አባሉ በወር አምስት ቀን እየታሰበለት በዓመት ለስድስት ወር እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አቅም የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ሥራ ይከፈላቸዋል። ተዳፋት በሚበዛባቸው የምዕራብ ሐረርጌ ወረዳዎች ይህ እርከን አፈር የሚያስቀር ሥራ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እንዲሁ በ2003 በ13 ወረዳዎች ብቻ ተሞከረ፤ ከእነርሱ አንዷ የምሥራቅ ሐረርጌዋ ደደር ነበረች። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ የድኻ ድኻ ተብለው በቀበሌ የተለዩትን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሙከራው አባላት ወደ ጤና ተቋም አዘውትረው እንደሚሄዱና ለሕክምና ሲሉ የሚበደሩትም ብድር እንደሚቀንስ ካሳየ በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሰፋ። ይሄ ነው ደረጃ በደረጃ ማለት።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ተቃውሞ ይመጣል፦ «ሐረርጌ አፎሻ የሚባል የመረዳጃ ማኅበር አላት፤ ዘካ አላት፤ ዕቁብና ዕድር አላት፤ የሰውን መረዳዳት መንግሥት ለምን ይተካል?» ይህን ተቃውሞ አከብረዋለሁ፤ አፎሻ ሐዘንተኛን የሚያጽናናበትን ፍጥነትና ክብር ማንም ቢሮ አይደርስበትም። ችግሩ የአደጋው ዓይነት ነው። አንድ ቤት ሰው ሲሞትበት ወይም ሲቃጠል ሌላው ቤት ይደርሳል። ዝናብ ሲቀር ግን አዋጪውም ተቀባዩም በአንድ ቀን ይደኸያሉ። በ2008 በኤልኒኞ ምክንያት በደረሰው ድርቅ በአገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ሲፈልግ ምዕራብና ምሥራቅ ሐረርጌ ክፉኛ ከተጎዱት ነበሩ። እንዲህ ያለውን ጉዳት የሚችለው ዝናብ ካገኘው አካባቢ ወደ ደረቀው ሊያሸጋግር የሚችል ሰፊ ማኅበር ብቻ ነው፤ ያ ሰፊ ማኅበር አገር ነው፤ መዋጮውም ግብር ነው። መንግሥት አፎሻን አይተካም፤ አፎሻ የማይደርስበትን ይይዛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «እርዳታ ሰውን ያሰንፋል፤ ደግሞስ ድኻ አገር ይህን በምን አቅሙ?» የሚል ነው። ስንፍናን በተመለከተ ማስረጃው ሌላ ይላል፦ የዓለም አቀፍ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ሴፍቲኔትን ለዓመታት ተከታትለው፣ በፕሮግራሙ አምስት ዓመት የቆዩ ቤተሰቦች ምግብ የሚያጥርባቸው ጊዜ ከአንድ ወር በላይ እንዳጠረ አሳይተዋል። አቅምን በተመለከተ ስዊድን ሁሉን አቀፍ የጡረታ ሕግ ያወጣችው በ1913 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያኔ ገና ድኻ ነበረች፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዜጎቿም በእነዚያ አሥርት ዓመታት ወደ አሜሪካ ተሰደዋል። መድኑ ከብልጽግናው ጋር አብሮ አደገ። ይህን ስል የእኛን ጉድለት መሸፈን አልሻም። የስካንዲኔቪያ አገሮች ከጠቅላላ ምርታቸው 40 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ በግብር ሲሰበስቡ ኢትዮጵያ በቅርቡ ዓመታት የሰበሰበችው ከ10 በመቶ በታች ነው። ሴፍቲኔቱ በአብዛኛው በለጋሾች ገንዘብ ቆሟል፤ ክፍያ ዘገየ የሚል ቅሬታም አይጠፋም። የሌላ አገር ምክር ቤት ሲፈልግ የሚያቆመው ገንዘብ መብት ሊባል አይችልም፤ በራሳችን ግብር ሲተካ ነው መብት የሚሆነው።

አራተኛው ተቃውሞ ስለ ሙስና ነው፦ ብዙ ገንዘብ በመንግሥት እጅ ከገባ ብዙ ይሰረቃል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። መድኀኒቱ ግን ተጠያቂነትን ወደ ታች ማውረድ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ከክልል በሚመጣ ድጎማ ስለሚሸፈን የሂርና ወይም የገለምሶ ነዋሪ የወረዳውን ጽሕፈት ቤት የእኔ ገንዘብ የት ገባ ብሎ ለመጠየቅ ይቸገራል። የድኻ ድኻ ዝርዝር በአደባባይ ቢለጠፍ፣ የመድኑ ሒሳብ በቀበሌ ስብሰባ ቢነበብ፣ ነዋሪው የመረጠውን ሰው ሊሽር ቢችል ስርቆቱ ይጠባል። ማኅበራዊ ዴሞክራሲ ሁለተኛውን ስሙን ከጣለ የመጀመሪያውም አይቆምለትም፤ የ1967ቱ መንግሥት የወደቀበት አንዱ ምክንያት ገበሬው ኮታውን «አይሆንም» የሚልበት ድምፅ ስላልነበረው ነው።

ዛሬ አገሪቱ እንደገና ወደ ገበያ እያዘነበለች ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ የመንግሥት ድርጅቶች አክሲዮን ለሽያጭ መቅረብ ጀመረ። ነጋዴነቱን መቀነሱ ከላይ ካየነው ታሪክ ጋር ይስማማል። ነገር ግን ከነጋዴነት የሚወጣ መንግሥት ከመድን ሰጪነትም አብሮ ከወጣ የዋጋው ንረት የሚያርፈው ደመወዝተኛውና ሸማቹ ድኻ ላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች ሁሉ የጤና፣ የትምህርት፣ የንጹሕ ውኃ፣ የመኖሪያ ቤት፣ የምግብና የማኅበራዊ ዋስትና እንዲያገኙ ፖሊሲዎች እንዲያልሙ ያዛል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ድምፅህን ሊጠይቅ የሚመጣ ማንኛውም ፓርቲ ግራ ነኝ ወይም ቀኝ ነኝ ቢልህ በዚያ አትርካ። ዝናብ ሲቀርና ልጅ ሲታመም የትኛውን ወጪ ትችላለህ፣ ከማን ግብር ትከፍለዋለህ፣ ሒሳቡንስ ማን ፊት ታነባለህ ብለህ ጠይቀው፤ መልስ ያለውን ምረጥ።