የባሮ የእንፋሎት መርከብ

ባቡር ሲባል በሐዲድ የሚሄደውን እናስባለን። ጋምቤላ ግን ሐዲድ የለንም። የእንፋሎት ጉልበት ወደ እኛ የመጣው በውሃ ነው፤ አኝዋኮች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ወንዝ።

በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ተዋዋሉ። እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲያ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም ይመጡ ነበር። ጨውና ጨርቅ ያመጣሉ፤ የጎሬን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። በበጋ ውሃው ስለሚጎድል አይመጡም።

መርከቡ እንዴት ይሄድ ነበር? እሳት ውሃውን ያፈላል። ውሃው እንፋሎት ይሆናል። የታፈነው እንፋሎት ሞተሩን ይገፋል፤ ሞተሩም መንኩራኩሩን ያሽከረክራል።

ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የወንዙም ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ።

በሌላ አገር የእንፋሎት ባቡርን በፊልም ያነሱ ሰዎች አሉ። ዛሬ ፊልሙን እያዩ ያን ዘመን ይናፍቃሉ። የእኛ ፊልም የሽማግሌዎቻችን ትዝታ ነው። መርከቡን በዓይናቸው ያዩት ግን ጥቂት ቀርተዋል። እነሱ ሲያልፉ ትዝታውም አብሮ ይቀበራል።

እኛ አሁን ፊደል ቆጥረናል። እንግዲህ ሄደን እንጠይቃቸው። ድምፁ እንዴት ነበር? ጭነቱን ማን ያወርድ ነበር? የነገሩንን ሳንውል ሳናድር በደብተራችን እንጻፈው።