ቀበቶውን የሚሰጠው ማን ነው? የሴቶች ሬስሊንግ ከሚልድረድ በርክ ወዲህ

በፕሮፌሽናል ሬስሊንግ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወሰነው ታጋዮቹ ሪንግ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ነው። ይህን የማያውቅ ተመልካች ዛሬ ጥቂት ነው። መውደቁና ስብራቱ የእውነት ሲሆን ሻምፒዮንነቱ ግን አዘጋጁ ለገበያ ይበጃል ላላት የሚሰጠው ሹመት ነው። «ሴት መታገል ትችላለች ወይ?» የሚለው ጥያቄ በ1930ዎቹ ተመልሷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሲያወዛግብ የኖረው ሹመቱ በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የመለሰችው ሚልድረድ በርክ ናት። በ1915 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ኮፊቪል ተወለደች። በአስተናጋጅነት ስትሠራ ቆይታ አንድ ቀን ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ትግል አየችና ልቧ ሸፈተ። ቢሊ ዎልፍ የሚባል አሠልጣኝ ዘንድ ሄዳ አስተምረኝ አለችው። ራሷ ትናገረው እንደነበረው፣ ዎልፍ ተስፋ ቆርጣ እንድትሄድለት ከአንድ ወንድ ሠልጣኝ ጋር አጋጠማት፤ እሷም ልጁን አንስታ ዘረረችው። ከዚያ በኋላ ዎልፍ አሠለጠናት፤ አገባትም።

ከ1935 ጀምሮ ከተማ ለከተማ ከሚዞሩ የካርኒቫል ትርኢቶች ጋር እየተጓዘች ለሚጥላት ወንድ ገንዘብ እየተያዘ ትታገል ነበር። ከ200 በላይ ወንዶች ገጥማ በአንዱ ብቻ ተሸንፋለች ይባላል። ቁጥሩ የእሷው ወገን የሚያወራው ነው፤ ግማሹ እውነት ቢሆን እንኳ ቀላል አይደለም። በ1937 ክላራ ሞርተንሰንን አሸንፋ የዓለም የሴቶች ሻምፒዮን ተባለች፤ ማዕረጉንም እስከ 1950ዎቹ ይዛ ቆየች። በሚያብረቀርቁ ድንጋዮች ያሸበረቀ ነጭ ካባ ደርባ ስትገባ አዳራሹ ይናጋ ነበር።

ገንዘቡን የሚቆጥረው ግን ዎልፍ ነበር። በሥሩ ብዙ ሴት ታጋዮችን ሰብስቦ፣ ከእነሱ ጋርም እየማገጠ፣ ማን ከማን እንደሚገጥምና ማን እንደሚያሸንፍ ይወስን ነበር። ቤብስ ዊንጎ፣ ኤቴል ጆንሰንና ማርቫ ስኮት የሚባሉት ጥቁር አሜሪካውያን እህትማማቾችም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሪንግ የገቡት በእሱ በኩል ነው። በርክና ዎልፍ በ1952 ተፋቱ፤ ፍቺው ትዳርን ብቻ ሳይሆን ሥራንም የሚከፍል ነበር። ናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስ የሚባለው የአዘጋጆች ማኅበር የወንዶች ነበርና ጀርባውን የሰጠው ለእሷ ነው።

ነሐሴ 20 ቀን 1954 አትላንታ ላይ የሆነው ከዚህ የመጣ ነው። በርክ የዎልፍን ምራት ጁን ባየርስን ገጠመች። ውጤቱ ቀድሞ ያልተወሰነበት፣ በዚህ ሙያ እጅግ ብርቅ የሆነ እውነተኛ ፍልሚያ ነበር። ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደች ታሸንፋለች ተብሎ ባየርስ አንደኛውን ወሰደች። ሁለተኛው ሳይለይለት ሲረዝም ኃላፊዎቹ ግጥሚያውን አስቆሙት። በርክ ሁለት ጊዜ ስላልወደቀች ማዕረጉ የእኔ ነው ብላ ወጣች፤ በማግስቱ የተወራው ግን ባየርስ አሸነፈች ተብሎ ነው። ሪንግ ውስጥ ያላለቀውን ትግል ወረቀት ላይ ጨረሱት።

በርክ በዚያው ዓመት ኅዳር ከጓደኞቿ ጋር ጃፓን ሄዳ ታገለች። ለእኔ ከአሜሪካው ማዕረግ ይልቅ የሚበልጠው ይህ ጉዞ ነው። በ1968 የተመሠረተው የመላ ጃፓን ሴቶች ሬስሊንግ ድርጅት ትልቁ ቀበቶ፣ በርክ ካቋቋመችው ማኅበር የመጣው ማዕረግ ነበር። በ1970ዎቹ ቢዩቲ ፔር የተባለው ጥንድ፣ በ1980ዎቹ ቺጉሳ ናጋዮና ላዮነስ አሱካ የተጣመሩበት ክራሽ ጋልስ፣ ተማሪ ልጃገረዶችን በብዛት ወደ አዳራሽ ሳቡ። አሜሪካ ውስጥ ሴቶቹን የሚያየው በአብዛኛው ወንድ ነበር፤ እዚያ ግን ሴት ልጅ ሴትን ልታይ ትሰለፍ ነበር። ይሁንና የጃፓኑ ድርጅትም ታጋዮቹን ገና በ20ዎቹ አጋማሽ ዕድሜያቸው ጡረታ ያስወጣ ነበር።

አሜሪካ ውስጥ የዎልፍን ቦታ የያዘችው ሴት ሆነች። በፋቡለስ ሙላ ስም የምትታወቀው ሊሊያን ኤሊሰን በ1956 ባልቲሞር ላይ ማዕረግ አግኝታ እስከ 1984 የዘለቀ ንግሥና ተቆጠረላት። ኒው ዮርክ የሴቶችን ትግል የከለከለችበት ሕግ በ1972 እንዲነሳ በመታገሏ ትመሰገናለች። ያሠለጠነቻቸው በርካታ ሴቶች ግን ከገቢያችን ላይ ብዙ ትወስድብን ነበር ሲሉ ከስሰዋታል። የወንዱን በትር ሴት ስለያዘችው በትሩ አልለሰለሰም።

በ1985 ደግሞ ሻምፒዮኗ ዌንዲ ሪክተር የተሻለ ክፍያ ስትጠይቅ በነበረበት ወቅት፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ጭምብል ካጠለቀች ታጋይ ጋር ገጠመች። ዳኛው፣ ሪክተር ትከሻዋን ብታነሳም፣ ሦስት ቆጥሮ ጨረሰ። ከጭምብሉ ስር የነበረችው ሙላ ናት። ሪክተር ያን ምሽት ድርጅቱን፣ የዛሬውን ዳብልዩ ዳብልዩ ኢ፣ ጥላ ሄደች።

ቀጥሎ የመጣችው፣ ቻይና በሚል የሪንግ ስም የምትታወቀው ታጋይ፣ በ1999 ወንድ አሸንፋ የኢንተርኮንቲኔንታል ቀበቶ ወሰደች። ይሁንና ወዲያው የተከተሉት ዓመታት ሴቶቹን «ዲቫ» እያሉ ከትግላቸው ይልቅ መልካቸውን የሸጡ ነበሩ። በየካቲት 2015 አንድ የሴቶች ግጥሚያ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲያልቅ ተመልካቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ተነሳ። በ2016 «ዲቫ» የሚለው ስም ከቀበቶው ላይ ተነሳ። በሚያዝያ 2019 ቤኪ ሊንች፣ ሮንዳ ራውዚና ሻርሎት ፍሌር የድርጅቱ ትልቁ ዓመታዊ ትርኢት የሆነውን የሬስልማንያን ዋና ፍልሚያ ያደረጉ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ።

ድርጅቱ ይህን እንደ ራሱ ለጋስነት ሲያወራ መስማት ያስቃል፤ ሲዘጋው የኖረውም ራሱ ነበርና። በርክን በክብር አዳራሹ ያስገባት በ2016፣ ከሞተች ከ27 ዓመት በኋላ ነው። ክፍያው በእርግጥ አድጓል፤ የሴቶቹም ስም ትኬት ይሸጣል። ሆኖም የዳብልዩ ዳብልዩ ኢ ታጋዮች፣ ወንዱም ሴቷም፣ እስከ ዛሬ በውላቸው ላይ የግል ተቋራጭ እንጂ የድርጅቱ ሠራተኛ አይባሉም፤ ስለ ክፍያቸው የሚደራደርላቸው የሠራተኛ ማኅበርም የላቸውም።