«የፈረስ ጉልበቱ ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት
ስለ ዘመኑ የጀልባ ሞተርና ስለ ጥገናው ችግር

በአገራችን በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ፣ ሰኮናዋን ሳያነሣ፣ ጥቂት መንገድም ሳይጋልባት ገንዘቡን አይቆጥርም። እዚህ አገር ግን ብዙዎቻችን ሞተር ስንገዛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የፈረስ ጉልበቱ ስንት ነው?» ሌላው ጥያቄ የሚመጣው ገንዘቡ ከእጃችን ከወጣ በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ በታች የምንነግራችሁ ታሪክ የአጎቴ ልጅና የሁለት ጓደኞቹ ነው። ሦስቱም ያደጉት በደንቢያ፣ ከጣና ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ ነው። አሽዶድ ከሰፈሩ በኋላ ሁለት ዓመት ዕቁብ ጥለው አንዲት ያገለገለች ጀልባ ከነሞተሯ ገዙ። ሞተሩ ባለ 60 የፈረስ ጉልበት ሲሆን ሲታይ ያብረቀርቃል፤ ድምፁም ጸጥ ያለ ነው። ሻጩ «300 ሰዓት ያህል ብቻ ነው የሠራው» አላቸው። እነርሱም አመኑት።

በሦስተኛው ጉዟቸው አርብ ማለዳ ወጡ። ከወደቡ ርቀው ሳለ ሞተሩ ፊሽካ የመሰለ ድምፅ አሰማ። ወዲያው ጉልበቱ ወደቀ። አልጠፋም፤ ነገር ግን ቤንዚን ቢሰጡት ከእግረኛ እርምጃ በላይ አልሄድ አለ። ነፋሱ እየበረታ፣ ሚስቶቻቸው ስልክ እየደወሉ፣ ሰንበት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ወደቡ ላይ ደረሱ። ዓሣው ቀርቶ ነፍሳቸውን ይዘው በመመለሳቸው አመሰገኑ።

ከዚያ በኋላ የጥገናው ጣጣ መጣ። የመጀመሪያው መካኒክ ሙያቸውን የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። ካንዴላዎቹን አወጡ፣ የቤንዚን ፊልትሮውን ቀየሩ፣ ሞተሩ ግን እንደዚያው ሆነ። ሠርተዋልና ተከፈላቸው። ሁለተኛው ጋራዥ የመመርመሪያ ኮምፒዩተር ነበረው፤ ይሁን እንጂ ለሌላ ፋብሪካ ሞተር የተሠራ ስለነበር ከዚህኛው ጋር ሊነጋገር አልቻለም። ለዚያም ተከፈለ። ሦስተኛው የሞተሩ ፋብሪካ ወኪል ነበር። ወረፋው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ተራቸው ሲደርስ መካኒኩ አንድ ገመድ ሰካ፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ችግሩን አገኘው። የሙቀት መለኪያው ሽቦ በጨው ተበልቶ ነበር። ሞተሩ በእውነት አልጋለም። ኮምፒዩተሩ ግን የጋለ መስሎት ሞተሩን ከቃጠሎ ለማዳን ጉልበቱን ቀነሰው።

ሽቦው ርካሽ ነበር። ያስለቀሳቸው ሌላው ነገር ነው። በዚያው ስክሪን ላይ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ተጽፎ ይታያል፤ 300 ሳይሆን ከ1,100 በላይ ነበር።

ድሮ እንዴት ነበር?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር በብዛት ወደ ገበያ የወጣው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነው። ኦሌ ኤቪንሩድ የተባለው በኖርዌይ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ሰው በ1909 መሸጥ የጀመረው ሞተር ጉልበቱ 1.5 ፈረስ፣ ክብደቱም 28 ኪሎ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሞተሮቹ እየበረቱ ቢሄዱም አሠራራቸው አልተወሳሰበም። አብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት ነበሩ። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል፣ ገመድ ይሳባል፣ ሞተሩ ይነሣል።

ከእኛ መካከል ከጣና አካባቢ የመጡት ይህን ዓይነቱን ሞተር ያውቁታል። በጣና ከጥንት ጀምሮ የሚቀዘፈው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ሲሆን፣ በ1986 በተጀመረ የዓሣ ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ለአጥማጆች ቀረበ። ታንኳው ሲያረጅ ባለቤቱ ራሱ ደንገል አጭዶ ሌላ ይሠራል። የሞተር ጀልባ ግን ቤንዚን፣ መለዋወጫና መካኒክ ይፈልጋል። ቢሆንም የድሮው ሞተር እምቢ ሲል ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት አያልፍም ነበር፤ ወይ ቤንዚን፣ ወይ እሳት፣ ወይ አየር። ካንዴላውን አውጥቶ የሚጠርግ፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ የሚያጥብ፣ በጆሮውና በአፍንጫው የሚመረምር ሰው ያድነዋል።

ታዲያ ለምን ተለወጠ?

ለለውጡ በቂ ምክንያት ነበረው። የድሮው ባለ ሁለት ምት ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን እስከ አንድ አራተኛ የሚሆነውን ሳያቃጥል ከነዘይቱ ወደ ውሃው ይተፋዋል። የኪኔሬትን ሐይቅ አስቡ። ከ1964 ጀምሮ ውሃው በብሔራዊው የውሃ መስመር ወደ ደቡብ እየተላከ ሕዝብ ሲጠጣው የኖረ ሐይቅ ነው። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ጉድጓድን ከማቆሸሽ አይለይም።

በ1996 የአሜሪካ መንግሥት የጀልባ ሞተር ጭስን የሚገድብ ደንብ አወጣ። ደንቡ ከ1998 ጀምሮ በየዓመቱ እየጠበቀ እስከ 2006 ድረስ በሙሉ ሥራ ላይ እንዲውል የታቀደ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በ2003 የራሱን ገደብ ደነገገ። ፋብሪካዎቹም መላ ፈለጉ። ሆንዳ ከ1964 ጀምሮ ሲሠራው የነበረው ባለ አራት ምት የጀልባ ሞተር አሁን የብዙዎቹ መንገድ ሆነ። በአብዛኞቹ መካከለኛና ትልልቅ ሞተሮች ላይ ካርቡራተር ቀርቶ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የቤንዚን መርጫ ተተካ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። አዲሱ ሞተር ቤንዚን ይቆጥባል፣ አይጮኽም፣ አያጨስም፣ በብርድም በቀላሉ ይነሣል። ነገር ግን የድሮው መካኒክ በእጁና በጆሮው ያውቀው የነበረው ነገር አሁን በአንዲት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል።

ጥገናው ለምን ከበደ?

አንደኛው ምክንያት ኮምፒዩተሩ ነው። የሙቀት፣ የአየር፣ የዘይት ግፊትና የፍጥነት መለኪያዎች ያዩትን ሁሉ ለኮምፒዩተሩ ይነግሩታል፤ እርሱም ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭና ካንዴላው መቼ እንደሚተኩስ ይወስናል። ከመለኪያዎቹ አንዱ ከዋሸ ኮምፒዩተሩም ይሳሳታል። ይህን ስሕተት በዓይን ማየት አይቻልም።

ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ መመርመሪያ አለው። በመኪና በኩል በአሜሪካ ከ1996 ጀምሮ ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል፤ አውሮፓም በ2001 ለቤንዚን መኪናዎች ይህንኑ ተከትላለች። ስለዚህ የመንደር ጋራዥ በአንድ ርካሽ መሣሪያ የብዙ ዓይነት መኪና ስሕተት ያነባል። በጀልባ ሞተር እንዲህ አይደለም። ያማሃ፣ ሱዙኪ፣ ሜርኩሪና ሆንዳ የየራሳቸው የመመርመሪያ ፕሮግራም አላቸው።

ሦስተኛው፣ ቤንዚኑ የሚሄደው በከፍተኛ ግፊት ነው። በሞተሩ ውስጥ ከአንድ በላይ ፖምፓ፣ ትንሽ የቤንዚን ማጠራቀሚያና እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበቡ መርጫዎች አሉ። ለወራት የቆመ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ እነዚህን ይዘጋቸዋል። ሳያውቁ የግፊቱን መስመር መፍታትም እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አራተኛው፣ ሞተሩን የሠራው ድርጅት ራሱ ሊቀር ይችላል። የኤቪንሩድን ስም የያዘው ኩባንያ በ2000 መጨረሻ ከሰረ፤ ስሙን የገዛው ሌላ ኩባንያም በ2020 ምርቱን አቆመ። መለዋወጫ ማቅረቡን እንደሚቀጥል ቢያስታውቅም፣ እንዲህ ያለ ሞተር በርካሽ የሚገዛ ሰው በአቅራቢያው የሚያውቀው መካኒክ እንዳለ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

በገዛ እጃችን የምንሠራው

ይህን ሁሉ ስንል «ያለ ወኪል ምንም አይነካም» ማለታችን አይደለም። ሞተርን ዕድሜ የሚያሳጥረው ብዙ ጊዜ የኮምፒዩተር ችግር ሳይሆን የዕለት ጥንቃቄ መጓደል ነው። እነዚህን ማንም ባለቤት ከሞተሩ መምሪያ መጽሐፍ ጋር እያስተያየ ሊሠራቸው ይችላል።

1. ከባሕር ስትመለሱ ሁልጊዜ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ከውስጥ እጠቡት። ጨው ውስጡ ከደረቀ የውሃውን መተላለፊያ ይዘጋል፣ ብረቱንም ይበላል።

2. ሞተሩ እንደተነሣ ከጎኑ በቀጭኑ የሚፈሰውን ውሃ ተመልከቱ። ካልፈሰሰ ወዲያው አጥፉ። ውሃ የሚስበው የጎማ ክንፍ አልቆ ወይም መተላለፊያው ተዘግቶ ይሆናል። ክንፉን በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ መቀየር ይመረጣል።

3. ሞተሩን ያለ ውሃ በደረቅ ምድር ላይ ለአፍታም አታስነሡ። የጎማው ክንፍ በሴኮንዶች ውስጥ ይቃጠላል።

4. ከመውጣታችሁ በፊት የሞተሩን ዘይት ለኩ። አብዛኞቹ ፋብሪካዎች አዲስ ሞተር በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ዘይትና ፊልትሮ እንዲቀየርለት ያዝዛሉ።

5. የታችኛውን የማርሽ ዘይት ስትቀይሩ መልኩን እዩ። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቷልና ሳይዘገይ ወደ መካኒክ ውሰዱት።

6. በአገራችን የለመድነውን ዘይት ከቤንዚን ጋር ማደባለቅ በባለ አራት ምት ሞተር ላይ አታድርጉ። እርሱ ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ነው የሚጠጣው፤ ዘይቱ የራሱ ቦታ አለው።

7. ባትሪው ደካማ ከሆነ ኮምፒዩተሩ የሌለ ስሕተት ሊያወራ ይችላል። ሌላ ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት ባትሪውንና የሽቦውን ማሰሪያ መርምሩ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ግን ባትሪውን ፈጽሞ አትፍቱ።

8. ከሞተሩ ጋር የታሰሩትን፣ በብረቱ ፈንታ እንዲበሉ የተሠሩትን ትንንሽ ብረቶች ተመልከቱ። ግማሽ ሲደርሱ ቀይሯቸው። ለጨው ባሕርና ለኪኔሬት ውሃ የሚስማማው ዓይነት ይለያያልና ስትገዙ ጠይቁ።

ያገለገለ ሞተር ስትገዙ

ሻጩን አራት ነገር ጠይቁ። በዚህ ሞተር ላይ የሚሠራ ሙሳኽ በአቅራቢያችን የት ነው? ዘይቱና የውሃ ፖምፓው መቼ ተቀየረ፣ ደረሰኙስ አለ? ሞተሩን በውሃ ላይ እንሞክረው? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከመክፈላችን በፊት ወኪሉ ዘንድ ሄደን በኮምፒዩተር ይታይልን? ብዙዎቹ የዘመኑ ሞተሮች የሠሩበትን ሰዓትና የደረሰባቸውን ስሕተት ይመዘግባሉ። ምርመራው ገንዘብ ያስከፍላል፤ የሦስቱ ጓደኛሞች ታሪክ እንደሚያሳየው ግን አለመመርመሩ የበለጠ ያስከፍላል። ሻጩ ለምርመራ እምቢ ካለ መልሱን አግኝታችኋልና ተመለሱ።

ሙሳኽ ስትሄዱም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ዋጋውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ፣ ሔሽቦኒቱን አስቀምጡ። ቋንቋው ለሚያስቸግራችሁ እነዚህ ቃላት ይረዷችኋል፦

ማኖዓ ሒጾኒ፦ ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር
ሽዖት ማኖዓ፦ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት
ታቃላ፦ ብልሽት
ማጼት፦ ካንዴላ
ሼሜን፦ ዘይት
ማስኔን ዴሌክ፦ የቤንዚን ፊልትሮ
ማሽኤቫት ማይም፦ የውሃ ፖምፓ
ሐላፊም፦ መለዋወጫ
ሀጻዓት መሒር፦ በጽሑፍ የሚሰጥ የዋጋ ግምት
አሐራዩት፦ ዋስትና
ሙሳኽ ሙርሼ፦ ከፋብሪካው ፈቃድ ያለው ጋራዥ

አንድ ነገር ደግሞ ለወጣቶቻችንና ለወላጆቻቸው። የድሮውን ሞተር የሚያውቁት መካኒኮች እያረጁ ነው። አዲሱን የሚጠግን ሰው ደግሞ መፍቻም ኮምፒዩተርም መያዝ አለበት። የአጎቴ ልጅ ሦስት ሳምንት ወረፋ የጠበቀው የሚጠግን ሰው በማነሱ ነው። ልጃችሁ ሞተር መፈታታት የሚወድ ከሆነ «እጅህን አቆሸሽህ» ብላችሁ አትቆጡት፤ ኤሌክትሪክም አብሮ እንዲማር አበረታቱት። ሰው የሚጠብቀው ሙያ እንጀራ አያሳጣም።

ሦስቱ ጓደኛሞች ሞተሩን አልሸጡትም። ሽቦው ተቀይሯል፣ የውሃ ፖምፓውም ታድሷል። ሲወጡ መቅዘፊያና መልሕቅ፣ ለእያንዳንዳቸው የመንሳፈፊያ ሰደርያ፣ ባትሪው የሞላ ስልክም ይይዛሉ። የሠራበትን ሰዓትና ዘይት የተቀየረበትን ቀን የሚጽፉበት ደብተር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጧል። አርብ ከሆነ ደግሞ ከቀትር በፊት ወደ ወደቡ ይመለሳሉ።