ዳህሊያና የሌሊት ጠላቷ

በትውልዷ የሜክሲኮ ደጋ ተክል የሆነችው፥ ዘሯም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1789 ወደ ማድሪድ የአትክልት ስፍራ የደረሰው ዳህሊያ፥ አበባዋ ግርማ ሞገስን የተጐናጸፈ ቢሆንም በለጋነቷ እጅግ ደካማ ናትና፥ ቡቃያዋ ብቅ ባለ ሰሞን ዛጎል የሌለው ቀንድ አውጣ ዝናብ ባረጠበው ሌሊት እየተሳበ መጥቶ ለስላሳውን ጫፍ ሲግጥ ያድራል፤ በማለዳም በቅጠሉ ላይ የሚያብለጨልጨው የልጋግ ፈለግ የጠላትን መምጣት ይመሰክራል።

ስለዚህ መሬቱ ደረቅ ሆኖ እንዲያድር ተክሏ ውሃ በማለዳ ትጠጣ፤ የቀንድ አውጣው የቀን መሸሸጊያ የሆነው የወደቀ ቅጠልና ጣውላ ይነሣ፤ ከመሸ በኋላም ፋኖስ ይዞ አንድ በአንድ መልቀም፥ አድካሚ ቢሆንም፥ የታመነ ዘዴ ነው። ቀንድ አውጣውን ለመግደል ተብሎ ጨው ግን፥ አፈሩንና ሥሩን ስለሚጐዳ፥ ከቶ አይነስነስ።

ከሌሊት ጠላቷ ሌላ፥ የዳህሊያ ድንች መሰሉ ሥሯ ውሃ በሚቋጥር መሬት ይበሰብሳል። ክሽክሽ የተባለው ተባይ የሚያዛምተው ቅጠል አዥጐርጓሪ ቫይረስ ፈውስ የለውምና፥ የተያዘችው ተክል ብታሳዝንም ሳትዘገይ ተነቅላ ትወገድ።