ጆሯቸው የከበደ አዋቂዎች ለምን ተረሱ?

በአገራችን የመስማት ጉዳይ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው መስማት የተሳነው ልጅና የሚማርበት ትምህርት ቤት ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የውጭ ሚሲዮናውያን አዲስ አበባ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤቶች ከፈቱ፤ የመካኒሳው አንዱ ነው። ቆይቶ ሆሳዕና ላይ የመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤት ተከተለ። በ1963 ዓ.ም. መስማት የተሳናቸው ዜጎች ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ። የአማርኛው የጣት ፊደልም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። የእጅ ቅርጹ ፊደሉን ይነግራል፤ እንቅስቃሴው ደግሞ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ ይለያል። ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ ሰው ከዚህ የቀረበ ሥርዓት ሊኖር አይችልም። በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ።

ይህ ሁሉ ሊከበር የሚገባው ድካም ነው። በሃምሳና በስድሳ ዓመታቸው ጆሯቸው እየከበደ የመጣ ሰዎች ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። የምልክት ቋንቋ አያውቁም፤ ቤተሰባቸውም አያውቅም። ዕድሜ ልካቸውን በአፍና በጆሮ የኖሩ ናቸውና የንግግሩም ዓለም ቀስ በቀስ ሲሸሻቸው ከሁለት ያጡ ይሆናሉ።

ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት የመስማት ችግራቸው ሕክምናና ተሐድሶ የሚያስፈልገው ልጆችና አዋቂዎች በድምሩ 430 ሚሊዮን ደርሰዋል፤ 80 በመቶ ያህሉ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከዝቅተኛ ገቢ አገሮች 93 በመቶው ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ የመስማት ባለሙያ እንኳ የላቸውም።

በልጆች ላይ የሚደርሰው ጉዳት ስድሳ በመቶው ሊከላከሉት የሚቻል ነው፤ ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግል፣ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መርፌዎች። በአዋቂዎች ላይ ዕድሜ፣ ለመድኃኒት የማይበገር የሳንባ ነቀርሳ ይታከምባቸው የነበሩ መርፌዎችና ከፍተኛ ድምፅ ይጨመራሉ። ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ቤት የሚውል፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ጄኔሬተር ሥር የሚሠራ ሰው ጆሮውን የሚያጣው ሳይታወቀው ነው። አንድም ቀን አያመውም።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የማይረዳው አንድ ነገር አለ። በዕድሜ የሚመጣው የመስማት መድከም ሁሉንም ድምፅ እኩል አይቀንስም። ቀድመው የሚጠፉት እንደ ሰ፣ ፈ እና ተ ያሉ ቀጫጭን ድምፆች ናቸው። ስለዚህ እናት «ልጅሽ ሠራ» የተባሉትን «ልጅሽ ፈራ» ብለው ሊሰሙ ይችላሉ። «እሰማለሁ፣ ግን አይገባኝም» የሚሉት እውነታቸውን ነው። እኛ ግን ተሰላችተን እንጮሃለን። ጩኸት የጠፋውን ድምፅ አይመልስም፤ ያለውንም ያዛባል፤ ለሚሰማው ሰው ደግሞ ቁጣ ይመስላል። ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ብርሃን ፊት ላይ እንዲያርፍ አድርጎ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሶ፣ ረጋ ብሎ መናገር ከጩኸት በእጅጉ ይሻላል። ካልገባቸውም ያንኑ ቃል ከመደጋገም በሌላ አነጋገር ማለት ይሻላል።

የቡና ሰዓት ሲደርስ ችግሩ ይገለጣል። ሦስት ሰው እኩል ያወራል፣ ሲኒ ይንቋቋል፣ ሬዲዮ ይጮኻል፤ እማማ ሰዉ ሲስቅ አብረው ይስቃሉ። ከዚያ «ምን አሉ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «ተዪው፣ ምንም አይደል» ይባላሉ። ይህችን መልስ ደጋግሞ የሰማ ሰው በሦስተኛው ወር ቡና መጥራቱንም፣ ጎረቤት መሄዱንም ይተወዋል። ከጆሮ ድካም ይልቅ ሰውን የሚጎዳው ይህ መገለል ነው ብዬ አምናለሁ።

እድርም እንዲሁ ነው። ብዙ እድሮች ዛሬም ሞት የሚያስታውቁት በጥሩንባ ነው። ጥሩንባው ያልተሰማው አባል ቀብር ይቀራል፤ መቀጫ ይጻፍበታል፤ ከገንዘቡ በላይ ግን «የጎረቤቱን ሐዘን ናቀ» መባሉ ያቆስለዋል። ብዙዎች አልሰማሁም ብለው ለማስረዳት ያፍራሉ። መፍትሔው ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ጆሯቸው የከበደ አባላት ስም በእድሩ መዝገብ ላይ ምልክት ይደረግበት፤ የቅርቡ ጎረቤት በራቸውን እንዲያንኳኳ ይመደብ፤ ማንበብ ለሚችሉ በስልክ አጭር መልእክት ይላክ። በስብሰባ ላይም የፊተኛው ወንበር ይሰጣቸው።

ማዳመጫ መሣሪያን በተመለከተ ቤተሰብ ማወቅ ያለበት፣ መሣሪያው ጆሮን እንደ ድሮው እንደማያደርግ ነው። ሳህኑንም፣ የመኪናውንም ድምፅ አብሮ ያጎላል፤ አንጎል እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል። ባትሪው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ልጆቻቸው ይህን ሳይነግሯቸው ከውጭ ገዝተው የላኩላቸው ብዙ አረጋውያን መሣሪያውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውታል። ውጭ የምትኖሩ ልጆች፣ መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት እዚህ ሐኪም ይመርምራቸው፤ የሚያስተካክልላቸው ባለሙያ መኖሩንም አረጋግጡ። አንዳንዴ ችግሩ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ በጤና ተቋም ይጠረጋል። ቤት ውስጥ ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ማንጠብጠብ፣ በክብሪት እንጨት መቆፈር ግን ጆሮን ሊጎዳ ይችላል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲደግፍ ይደነግጋል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ጆሯቸው የከበደ አዛውንቶች በሁለቱም ውስጥ አሉ። ምርመራው በየአካባቢው ጤና ጣቢያ እንዲደርስ መጠየቅ ልመና አይደለም።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። አንድ ጆሮ በአንድ ሌሊት ወይም በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት መስማት ካቆመ፣ ነገ ይሻለኛል ሳትሉ በዚያው ቀን የጆሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሕክምናው የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ብዙ ጊዜ አይመለስም።